ለጨረታ የቀረበችው ሁለት መቶ ብር

ባለቤቴ ስዕለቷን የተሳለችው ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ነው። እኔ መቂ፣ ሽንኩርት የሚጫንበት ሜዳ ላይ ኮሌታዬን ተይዤ ቆሜያለሁ። እሷ አዳማ ቤታችን ሆና «ፎርጂድ ነው! ያዘው! እንዳያመልጥ!» የሚል የብዙ ሰው ጩኸት ትሰማለች። ከዚያ ስልኬ መሬት ወደቀና ድምፁ ተቋረጠ። ደጋግማ ብትደውል አልነሳ አለ። ያን ጊዜ ነው ለሰፈራችን መልአክ «በሰላም ከመለስክልኝ ያቺን ብሩን አስገባልሃለሁ» ያለችው።

ያቺን ብሩን። ቤታችን ውስጥ ሌላ ብር የሌለ ይመስል!

እዚህ ላይ ስለ አመሌ መናገር አለብኝ። የምተዳደረው በፎቶ ኮፒና ኅትመት ቤት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከወረቀት ጋር ነው የምውለው። ብር የተቀየረ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ አሮጌውን ይዞ ባንክ ደጃፍ ሲጋፋ፣ እኔም ተሰልፌ ተቀየረልኝ። እጄ የገባው እሽግ ገና የሰው ላብ ያልነካው ነበር፤ ሲያገላብጡት ይንኮሻኮሻል፤ ቁጥሮቹም አንዱ ካንዱ ሳይዘል ተከታትለው ይሄዳሉ። ሌላው ሰው ብሩ መሙላቱን ሲያረጋግጥ እኔ እዚያው ቆሜ ቁጥሮቹን አነባለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ አልዳንኩም። ከግራም ከቀኝም ሲያነቡት አንድ የሆነ ቁጥር፣ ከአንድ ጀምሮ በተርታ የሚወጣ ቁጥር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሁሉም አሃዝ አንድ ዓይነት የሆነ ቁጥር እፈልጋለሁ። ብሩ ግን አዲስ መሆን አለበት። አንድ ጊዜ ከታጠፈ አበቃለት፤ ቁጥሩ የቱንም ያህል ቢያምር ሰብሳቢ ዞር ብሎ አያየውም።

ባለቤቴ መጀመሪያ ትስቅብኝ ነበር። «ሰው ብር ይፈልጋል፣ አንተ የብር ቁጥር ትፈልጋለህ» ትለኛለች። ኋላ ግን ለመደችው። ከገበያ ስትመለስ የተሰጣትን መልስ ሳታጥፍ፣ ጫፍ ጫፉን ይዛ ታመጣልኛለች። ከመካከሉ የምፈልገው ቁጥር ከጠፋም ከእኔ በላይ የምታዝነው እሷ ነበረች።

ያቺን ብር ያገኘኋት ቆቃ ነው። ዓሣ ልገዛ ተራ ስጠብቅ፣ ከፊቴ የነበረው ሰውዬ ከኪስ ቦርሳው አዲስ ሁለት መቶ ብር መዞ ከፈለና ሄደ። ሻጩ እጁ እርጥብ ስለነበረ በሁለት ጣቱ ጫፍ ይዞ ሚዛኑ ሥር አስገባት። ቁጥሯ ወደ እኔ ነበረ። ከዳር እስከ ዳር ሰባት፣ ሰባት፣ ሰባት! የራሴን ሁለት መቶ ብር አውጥቼ «ያቺን በዚህ ቀይርልኝ» አልኩት።

«ምን ለውጥ አለው?»

«አዲስ ብር እወዳለሁ።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «በል እንግዲያው ዓሣ ጨምረህ ግዛና ውሰዳት» አለ። ያን ቀን ሰፈራችን ሁሉ ዓሣ በላ።

ወሬው እንደ እኔ ብር በሚሰበስቡ ሰዎች ዘንድ ሲሰማ ከአዲስ አበባ አንድ ሰው ደወለልኝ። የጠራልኝ ዋጋ የቤት ኪራያችንን ለብዙ ወራት የሚችል ነበር። አልሸጥኩም። ለምን እንዳልሸጥኩ ለባለቤቴም በወጉ ማስረዳት አልቻልኩም። በሕይወቴ ዕጣ ደርሶኝ አያውቅም፤ ቀበሌ እንኳ ስሜ ተፈልጎ የማይገኝ ሰው ነኝ። ያቺ ብር ግን ከስንቱ እጅ አምልጣ፣ ሳትታጠፍ፣ እኔ ጋ መጣች። እንዴት ልስጣት?

ወደ መቂ የወሰደኝ ስስት ነው፤ ከአንድ ጀምራ በተርታ የምትወጣ ጓደኛ ልፈልግላት። ሽንኩርት በሚጫንበት ቀን ደላሎቹ ለገበሬው የሚከፍሉትን ብር ከባንክ በእሽጉ ያወጣሉ። ከእነሱ አንዱ ስለሚያውቀኝ እሽጉን እያገላበጥኩ አያለሁ፤ የወደድኩትን በሌላ ብር ቀይሬ ትንሽ ጨመር አደርግለታለሁ። ያን ቀን ሰውዬው ጭነቱን ይዞ አዲስ አበባ ገብቷል። መመለስ ነበረብኝ። እኔ ግን ክፍያውን ተቀብሎ ጆንያ ላይ ወደተቀመጠ አንድ ወጣት ገበሬ ጠጋ አልኩ። በዚያ ሳምንት ገበያው ውስጥ የሐሰት ብር ገብቷል ተብሎ ሰው ሁሉ በስጋት ላይ መሆኑን አልሰማሁም።

ወጣቱ ብሩን በማራገቢያ ቅርጽ ዘርግቶ አሳየኝ። አንዷ ወደምፈልገው የቀረበች መሰለችኝ።

«ይህችን ስጠኝና ሦስት መቶ ልስጥህ» አልኩት።

«ሁለት መቶዋን በሦስት መቶ?»

«አዎ።»

ብሩን ሰብስቦ ጨበጠ። አሁን ሳስበው እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ራሴን እይዘው ነበር። በዚያው መሐል ስልኬ ጠራ፤ ባለቤቴ ናት። «ስትመለስ ጠንከር ያለ ቲማቲም ይዘህ ና» እያለችኝ ሳለ ወጣቱ ተነስቶ በኦሮምኛ ተጣራ። መኪናው ላይ ሽንኩርት የሚደረድሩት ሁሉ ወረዱ። አንዱ ኮሌታዬን፣ ሌላው ክንዴን ያዘ። ስልኬ ያን ጊዜ ነው የወደቀው።

ኪሴ ተፈተሸ። ለመቀየሪያ የያዝኳቸው ብሮች ወጡ፤ ሁሉም አዲስ፣ ሁሉም ቁጥራቸው ተከታታይ። «ይኸው! ገና ከማተሚያው መውጣቱ ነው!» አለ አንዱ። ላስረዳ ስል ከብሮቹ ጋር የሱቄ ካርድ ወጣ። አንድ ተማሪ የሚመስል ልጅ ጮክ ብሎ አነበበው። «ፎቶ ኮፒ፣ ኅትመት፣ ላሚኔሽን።»

ከዚያ «አታሚው ራሱ ነው!» የሚል ጩኸት ተነሳ፤ ከየት እንደመጣ ያላየሁት ቡጢ ጆሮዬ ላይ አረፈ። ምንም ብናገር የሚሰማኝ የለም። ሰው እየበዛ ሄደ፤ ከኋላ ያሉት ምን እንዳደረግኩ እንኳ አያውቁም፤ ሌባ መሆኔ ብቻ በቅቷቸዋል። እዚህ፣ ሽንኩርት ልጣጭ ላይ ወድቄ መሞቴ ነው ብዬ ነበር።

አንድ ሽማግሌ ገበሬ ሰውን በከዘራቸው እየገፉ መጡ። «ዲሳ! ዲሳ!» ይላሉ፤ ተዉት ማለታቸው ነው። እጄን ጨብጠው ያዙና «አጥፍቶ ከሆነ ፖሊስ አለ። እናንተ ዳኛ አይደላችሁም» አሉ። እጄን ሳይለቁ ጣቢያ ድረስ ወሰዱኝ፤ ሰዉም ከኋላ እየጮኸ ተከተለ። ፖሊሶቹ ብሮቹን በብርሃን አዩ፣ በጥፍራቸው ፋቁ፣ የባንክ ሠራተኛ አስጠሩ። ሁሉም ትክክለኛ ሆኖ ተገኘ። ያስያዘኝ ወጣት ገበሬ መጥቶ «ይቅርታ ኦቦ፤ ግን ሁለት መቶ ብርን በሦስት መቶ የሚገዛ ጤነኛ ሰው አለ?» አለኝ።

መስታወቱ የተሰነጠቀውን ስልኬን ሲመልሱልኝ መጀመሪያ የደወልኩት ለእሷ ነው። «አለሁ» ከማለቴ በቀር ምንም አልሰማችም፤ ታለቅሳለች።

አዳማ ስገባ የግቢያችን በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ያበጠ ጆሮዬን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። ከዚያ «ተስያለሁ» አለችኝ።

«ምን ተሳልሽ?»

«ብሯን።»

«የትኛዋን?»

«የትኛዋ እንደሆነች ታውቃለህ» አለችና ወደ ውስጥ ገባች። ከአልበሜ ውስጥ፣ እኔ እንዳስተማርኳት ጫፎቿን ብቻ ይዛ፣ ከነላስቲኳ አወጣቻት። የት እንዳስቀመጠቻት አልነገረችኝም።

የመልአኩ ክብረ በዓል በታኅሣሥ ነው። እስከዚያ ድረስ ቤታችን ሰላም አልነበረም። እኔ ሌላ አዲስ ሁለት መቶ ላምጣ አልኩ፤ እምቢ። አምስት ሺህ ላስገባ አልኩ፤ እምቢ። «ለመልአኩ ቁጥሩ ምን ያደርግለታል? ሁለት መቶ ሁለት መቶ ነው!» ብዬ ጮህኩባት።

«ሁለት መቶ ሁለት መቶ አይደለም ስትለኝ የኖርከው አንተ አይደለህም እንዴ?» አለችኝ።

ንስሐ አባታችንንም ጠየቅኩ። ሰምተውኝ ሲያበቁ «ልጄ፣ ስዕለቱ የሷ ነው። እሷን ጠይቅ» ብለው ሸኙኝ። የአዲስ አበባው ሰውዬ ደግሞ በየጊዜው እየደወለ ዋጋ ይጨምራል። በደወለ ቁጥር ልቤ ይቃጠላል፤ ቀና ብዬ ባለቤቴን ሳያት ደግሞ እልህ ይይዘኛል። ሚስቱ በአንዲት ወረቀት የምታኮርፈው ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

እሷን ግን ሌላም ነገር ይዟት ነበር። ከሱቅ ሆኜ ስልክ ካላነሳሁ ተነስታ ትመጣለች። ደንበኛ ይዤ ስታየኝ ደጁ ላይ ቆማ ትንሽ ትንፋሿን ሰብስባ ትመለሳለች። ይህን እያየሁ ስለ ብሯ መከራከሬን አልተውኩም።

የበዓሉ ቀን ደረሰ። ታቦቱ ገብቶ፣ ምእመናኑ በቅጥሩ ውስጥ ተቀምጠው፣ የስዕለት ጨረታ ሊጀመር ነው። ሰው ለስዕለት ያመጣው ጃንጥላ፣ ምንጣፍ፣ በግ፣ ጧፍ ሁሉ በድምፅ ማጉያ እየተጠራ ይሸጣል። ብር የተሳለ ግን የሚጥለው ተገልብጦ በተዘረጋው ትልቅ ጃንጥላ ውስጥ ነው። እኔ የቆምኩት ከጃንጥላው አጠገብ ነበር። ባለቤቴን ላስቆማት አይደለም። ብሯ የምትወድቅበትን ቦታ አይቼ፣ ኋላ የቤተ ክርስቲያኑን ኮሚቴዎች እግራቸው ላይ ወድቄ በሌላ ብር እንዲቀይሩልኝ ልለምን አስቤ ነው። ከስር ገብታ በሌላው ብር ከተጨማደደች ግን አከተመ።

ባለቤቴ በነጠላዋ ሸፍና ይዛት መጣች። ዓይኔን ከእጇ ላይ አልነቀልኩም። ጃንጥላው ጋ ስትደርስ አልቆመችም፤ አልፋ ሄደች። ድምፅ ማጉያውን ወደያዙት አዛውንት ወጥታ በጆሯቸው ብዙ አወራቻቸው። አዛውንቱ ብሯን አገላብጠው አዩ፤ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው እንደገና አዩ። ከዚያ ሳቁ።

«ምእመናን! ዛሬ ደግሞ ብርን በብር እናጫርታለን!»

ሰዉ ሳቀ። እሷ ተመልሳ አጠገቤ ቆመች። «ስዕለቴን አስገብቻለሁ። ከፈለግካት ጨረታ ነው፣ ተጫረት» አለችኝ፤ ወደ እኔ ሳታይ። ለዚያ ሁሉ ጊዜ እምቢ ስትለኝ የቆየችው ሴት በር ከፍታልኝ እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

«ቁጥሯ ሰባት በሰባት ነው!» ይላሉ አዛውንቱ። «ባለቤቷን ከሰው እጅ ያስጣለች ስዕለት ናት! ማነው የሚጀምር?»

«አምስት መቶ!» አልኩ።

ሰዉ እንደገና ሳቀ። ግን ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት «እስቲ ልሳለማት» አሉ። አዛውንቱ ላስቲኳን አውልቀው ወረወሩና ሰጧቸው። ከዚያ ወደ ጎን ተላለፈች። እናቶች ተራ በተራ ይስሟታል፣ ግንባራቸውን ያስነኳታል። አንዷ ግንባራቸው ላይ እምነት፣ የተቀደሰውን አመድ፣ ተቀብተው ስለነበር ከብሯ ጫፍ ላይ ግራጫ ነገር ቀረ። እያንዳንዱ አውራ ጣት ሲያርፍባት እኔን ያመኛል። የሚያስቀው ነገር፣ በሳሟት መጠን ዋጋዋ ይወጣል። «ሺህ ብር!» አለ አንዱ። «ሺህ አምስት መቶ!» አለ ሌላው። እዚያ ግቢ ውስጥ በየሰከንዱ እየረከሰች መሆኗን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ከሁሩታ የመጡ አንድ ወፍራም የእህል ነጋዴ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው ተነሱ። «ሁለት ሺህ! አዲስ መኪና ገዝቻለሁ። ላሚኔት አስደርጌ መስታወቱ ላይ እለጥፋታለሁ!»

እልልታው ቀለጠ። ላሚኔት! እኔ በገዛ ማሽኔ የስንቱን ዲፕሎማ ላሚኔት ያደረግኩ ሰው፣ አንዲት ብር ወደዚያ ሙቀት አስገብቼ አላውቅም። «ሁለት ሺህ አምስት መቶ!» ብዬ ጮህኩ። «ሦስት ሺህ!» አሉ ሳይዞሩ። «ሦስት ሺህ አምስት መቶ!» «አራት ሺህ!» ገና ደህና ናት፣ ገና መስመር አልወጣባትም እያልኩ ለራሴ እነግረዋለሁ።

ያን ጊዜ ከኋላ ያሉት «አላየናትም!» አሉ። አዛውንቱ ብሯን ከእናቶቹ ተቀበሉና ከመሐሏ ለሁለት አጠፏት። በጥፍራቸው ጭምቅ አድርገው አጠፏትና ሁሉም እንዲያያት የድምፅ ማጉያው ገመድ ላይ አንጠለጠሏት።

ያነሳሁት እጄ ወረደ።

«አራት ሺህ አንድ ጊዜ!» አሉ አዛውንቱ።

ባለቤቴ እጅጌዬን ሳብ አደረገችኝ። «ታጠፈች» አለችኝ በቀስታ። «አሁን ምንም አታወጣም። ተዋት።» እውነቷን ነው። ከእኔ ተምራዋለች። ፊቷን አየሁት። ሐዘኑ ለብሯ ሳይሆን ለእኔ ነበር። መቂ ላይ እኔ የሚደርስብኝን በዓይኔ እያየሁ ነበር። እሷ ግን ድምፁ የጠፋ ስልክ ይዛ፣ ከእኔ ሞት በቀር የምታስበው አጥታ፣ እኔ የምወደውን ነገር አቅርባ ለመነችልኝ። እኔ ደግሞ ሰንብቼ ሰንብቼ በዚያ ልመና ላይ ዋጋ ስከራከርባት ከረምኩ። አፈርኩ። እንደዚያን ቀን ወድጃትም አላውቅም።

«አራት ሺህ ሁለት ጊዜ!»

«አየሁ» አልኳት። ከዚያ «አምስት ሺህ!» አልኩ።

ነጋዴው ዞሩ። «ወንድሜ፣ ምን ነክቶህ ነው? መኪና እንኳ የለህም!»

እኔ ሳልመልስ ባለቤቴ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «በእሱ ነፍስ የተሳልኳት ናት» አለች። ምን ያህል ሰው እንደሰማት እንጃ፤ በዙሪያችን ያሉት ግን ወደ እኛ ዞሩ።

ነጋዴው እኔንም እሷንም አፈራርቀው አዩን። እጃቸውን አነሱ፤ ሊጨምሩ መስሎኝ ነበር። «በሰው ነፍስ ላይ እኔ አልጫረትም። ይውሰዳት!» አሉና ጋቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡ።

ገንዘቡን በስልኬ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የባንክ ሂሳብ አስተላለፍኩ። ለኪራይ የያዝነው ነው፤ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፤ አንዳችንም አላነሳነውም። አዛውንቱ ብሯን ከገመዱ ላይ አውርደው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ለስልሳለች፣ ጠቁራለች፣ ከመሐሏ የታጠፈችበት መስመር ነጭ ሆኗል።

ባጃጅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሄድን። ባለቤቴ ብሯን ከእጄ ወስዳ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በመዳፏ ብታሻት መስመሩ አልጠፋም።

«አሁን ስንት ታወጣለች?» አለችኝ።

«ሁለት መቶ ብር።»

ሳቀች። ከመቂው ቀን ወዲህ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ዓይኗ እንባ አቀረረና «እንግዲያው እኔ ጋ ትቀመጥ» አለች። በታጠፈችበት እንደገና አጥፋ ጡት መያዣዋ ውስጥ ከተተቻት።